ዘጠኝ ዓመት ተኝተው «አዲስ» ስለተባሉት የጎማ ሴንሰሮች

ለተከበሩ የመለዋወጫ ዕቃዎች አቅርቦትና ማከማቻ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

የተከበሩ ጌታዬ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ በር የጠበቀ፣ እንቅልፍዎ በላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለው ካርቶን ማንም የማይነካው፣ ዕድሜዎም እንደሚሸጡልን ዕቃ በየዓመቱ እየተቆጠረ «አዲስ» የሚባል ይሁንልዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል የላክኋቸው ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተዋል፤ መልስ የተሰጠበት አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ዛሬም እንደታሸጉ እንዳሉ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት በደግነት አሳይታኛለች። በእናንተ ዘንድ የታሸገ ነገር አያረጅምና እኔም ልጠብቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ትቀርባለች፤ መንጃ ፈቃዷ ይነጠቅ ወይም ይመለስላት የሚለው እዚያ ይወሰናል። የሚወሰነውም እርስዎ በፈረሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስለዚህ ቸኮልኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ያቋረጥኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጥኩ፣ ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። በዚህ ዓለም ያለኝ አንዲት ልጅና አንድ ሚኒባስ ነው። በሚኒባሱ በሳምንት ሦስት ቀን ስድስት የኩላሊት ሕመምተኞችን ከየደጃቸው ለቅመን ወደ እጥበት እናደርሳለን፣ ሲጨርሱም ደክሟቸው ስለሚወጡ ደግፈን አሳፍረን እንመልሳቸዋለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኔ ስለደከመ የምትነዳው ልጄ ናት። እኔ ጠዋት ጠዋት ጎማ እለካለሁ፣ ዘይት አያለሁ፣ አምላኬን «ዛሬንም በሰላም መልሳት» ብዬ ከበር እሸኛታለሁ።

አሁን ስለ ዕቃው። እርስዎማ ያውቁታል ብዬ ልዘለው ነበር፤ የጻፉልኝ መልስ ግን አትዝለለው አለኝ። የጎማ ሴንሰር የሚባለው ነገር በየጎማው ውስጥ ከአየር መሙያው አፍ ጋር የሚያያዝ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ጎማው አየር ሲያንሰው በሬዲዮ ይናገራል፣ ሾፌሩ ፊት ለፊት ቢጫ መብራት ይበራል። የሚናገርበት ጉልበት በውስጡ የታሸገ ትንሽ ባትሪ ነው። ያ ባትሪ አይቀየርም፤ እሱ ሲሞት ሴንሰሩም አብሮ ይሞታል። ሴንሰር ሲሞት ደግሞ ያው ቢጫ መብራት ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይልና ከዚያ በኋላ ቦግ ብሎ በርቶ ይቀራል። እንግዲህ ጎማ ሲተነፍስም ያው መብራት፣ ሴንሰር ሲሞትም ያው መብራት ሆነ። ጠዋት ማታ «እሳት! እሳት!» የሚል ጎረቤት ያለው ሰው፣ እሳቱ በእውነት የተነሣ ቀን ከአልጋው አይነሣም።

ይህን ካስረዳሁ ዘንዳ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ከምርጫ ጭንቀት ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። የሚኒባሴ የድሮ ሴንሰሮች አሥራ አንድ ዓመት አገልግለው፣ ዕድሜ ጠግበው በተራ በተራ ሞቱ። በሞታቸው ቅር አላለኝም፤ የሠሩ ናቸው። ዓመታዊ ምርመራ ስሄድ መብራቱ በርቶ ስላዩት መለሱኝ፤ መመለሳቸውም ተገቢ ነበር። ሕዝብ የሚጭን መኪና ደግሞ የእርስዎን ድርጅት ደረሰኝ ካልያዘ ሴንሰሩ አይታወቅለትም ተባልኩ። ለምን ቢሉ ጥራቱ የተረጋገጠ ዕቃ እናንተ ዘንድ ብቻ ስለሚገኝ ነው። ጎሚስታው፣ ማለትም ጎማዬን ሃያ ዓመት የፈታና የገጠመ ጎረቤቴ፣ ይህን ሲሰማ ክሪኩን አስቀምጦ ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚያ ያለው እኮ ዕቃ አይደለም፣ ቅርስ ነው!» አለኝ። ባለሙያን መስማት ደግ ነበር፤ እኔ ግን ማኅተም የማምን ሰው ነኝና በማግስቱ ሄጄ ተሰለፍኩ።

ሁለተኛ፦ በመስኮት ቁጥር ሦስት ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። አራት ካርቶን ሰጡኝ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በላዩ የዘንድሮ ዓመት የተጻፈበት ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ጥግ ጥጉ ግን ቢጫ የወረሰው ካርቶን። «ይኼ መቼ የገባ ነው?» ብዬ ብጠይቅ የመስኮቱ ልጅ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «አባት፣ ማንበብ ይችላሉ አይደል? ዘንድሮ ነዋ!» አለኝ። አነበብኩ፣ አመንኩ፣ አስገጠምኩ። መብራቱ ጠፋ፣ ምርመራውን አለፍኩ፣ አምላኬንም እርስዎንም አመሰገንኩ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን አንደኛው ሞተ፤ መብራቱም እንደገና በራ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛው ተከተለ።

ዕቃውን አስፈትቼ ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት ብመለስ ልጁ ካርቶኑን አገላብጦ «አባት፣ ላስቲኩ እኮ ተቀዷል። የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ሳይከፈት ጎማ ውስጥ እንዴት ይገባል ብዬ ብጠይቀው ከኋላዬ የተሰለፈው የጭነት መኪና ሾፌር «ጎማውን ከነካርቶኑ አያስውጡትም ነበር?» ብሎ ሰልፉን በሳቅ ገደለው። ሙቶቹን መልሼ ጎማቸው ውስጥ አስገጠምኳቸው፤ ልጁን ግን አልቀየምኩትም። ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው እንዲሰደብ ነው፣ የሚሰደብበትንም ደመወዝ ይከፈለዋል። ደንቡን ያወጣው ሰው ቢሮ ግን መስኮት የለውም፤ በር ብቻ ነው ያለው፣ በሩም ላይ ጸሐፊ ተቀምጣለች።

ሦስተኛ፦ ለላኩልኝ መልስ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ያልተሠራበት ዕቃ የማያረጅ በመሆኑ አቤቱታዎ ተቀባይነት የለውም።» በሰባተኛ ክፍል ዕውቀቴ ይህን አረፍተ ነገር ሳሰላስለው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያ ትክክል መሰለኝ። ካልተሠራበት ከምን ያረጃል? መንገድ አላየ፣ ጉድጓድ አልመታው፣ ፀሐይ አልነካው።

ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ልጃችን ስትመረቅ አደርገዋለሁ ብላ አንድ ጥሩ ጫማ ገዝታ ነበር። ለምረቃው ቀን ሳትደርስ አረፈች። ጫማውን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ መሬት ያልረገጠ፣ አንዴም ያልታጠፈ ጫማ ነበር። ልጄ የምትመረቅበት ቀን ሲደርስ «የእናትሽን አድርጊ» ብዬ አወጣሁላት። እሷም ደስ ብሏት አደረገችው፣ ከበር እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች፣ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ መሬት ላይ ቀረ። ለካ ጫማ ካልተረገጠበትም ያረጃል፤ እንዲያውም ማንም ሳያየው ስለሚያረጅ የባሰ ነው። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ልጄ በነጠላ ጫማ ተመረቀች፤ አለቀ። ጫማ ስለሆነ አለቀ። ሴንሰር ቢሆን ኖሮ አያልቅም ነበር።

ለራሴም ያልኩት ነገር አለ፤ ይህ ለእርስዎ ባይሆንም ይቆጠርልኝ። ለሚስቴ ልነግራት ያሰብኩት ብዙ መልካም ቃል ነበር። «ጊዜው ሲደርስ» እያልኩ ሳስቀምጠው ከውስጤ አረጀ፤ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ላወጣው ስል ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ ያልተሠራበት ነገር አያረጅም የሚለኝ ሰው፣ መኪና ብቻ ሳይሆን ኑሮም አያውቅም ብዬ ባስብ ይፈርዱብኛል? ይህን በትሕትና ነው የምጽፈው። ትሕትናዬ ግን እያለቀ ነው።

አራተኛ፦ አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አደጋው በደረሰበት ጠዋት እኔ ከእናንተ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ሦስተኛውን ደብዳቤዬን ይዤ ሰልፍ ለመቅደም ብዬ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ነበር፤ ስለዚህም በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማዎቹን ሳልለካ ወጣሁ። ልጄ ስድስቱን ሕመምተኞች አሳፍራ ቁልቁለቱን ስትወርድ የቀኝ የኋላ ጎማ ምስማር ወግቶት ቀስ እያለ ሲተነፍስ አድሮ ኖሮ ኩርባው ላይ ተኛባት። መኪናው ተወላገደ፣ መሪውን ይዛ ታገለች፣ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ አንድ ጎኑን አስገብታ አቆመችው። አምስቱ በድንጋጤ ብቻ ተረፉ። ስድስተኛዋ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከመስኮቱ ጋር ተጋጭተው የትከሻ አጥንታቸው ተሰበረ። አስተማሪዋ ተሸክመው ሲያወጧቸው እንኳ ልጄን «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንኳን ወደ ገደሉ አልሆነ» ነው ያሏት።

በቀኝ የኋላ ጎማ ውስጥ ያለው ሴንሰር የማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው።

የትራፊክ መርማሪው መኪናውን ሲያስነሣ ቢጫው መብራት በርቷል። የመኪናው ኮምፒውተር ሲጠየቅ መብራቱ ለአርባ አንድ ቀን ሳይጠፋ በርቶ መቆየቱን ተናገረ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነውና ድርጅትዎን በጽሑፍ ጠየቀ፤ ሴንሰሮቹ ደህና ነበሩ ወይ? እርስዎም በዚህ ጊዜ ወር ሳይሆን ሁለት ቀን ብቻ ፈጅተው መለሱ። ለእኔ ወር ያስቆጠረው ብዕርዎ ለመርማሪው እንዴት ፈጠነ! መልስዎ እንዲህ ነው፦ «ዕቃው አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ በዘንድሮው ቆጠራ የተረጋገጠ ነበር። ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ እያየች የነዳችው አሽከርካሪ ኃላፊነቱን ትወስዳለች።»

ስለ አስተማሪዋ ትከሻ አንድ ቃል የለበትም። ስለ ልጄ ግን አለበት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከመንዳት ሌላ እንጀራ የላትም። እነዚያ ስድስት ሰዎችም ከእሷ ሌላ የሚያደርሳቸው የለም። አሁን በታክሲ ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ቀንም ይቀራሉ። እጥበት የቀረበት ሰው ምን እንደሚሆን ማየት ቢሹ እግሩን ይዩ፣ እንደ ጎማ ይነፋል። እሱ ግን መብራት የለውም፤ ማንም ሳያውቅ ነው የሚሞተው።

ከደብዳቤዎ በኋላ ባዶውን ካርቶን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ብሎን ማስቀመጫ አድርጌው ነበር። የዘንድሮው ወረቀት ጥጉ ላይ ተልጦ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ ብሏል። ለብ ባለ ውኃ አርሼ ላጥኩት። ከሥሩ የአምናው ወጣ። አምናውን ብልጥ የካቻምናው። እንደ ሽንኩርት ነው የላጥኩት፤ እንደ ሽንኩርትም አስለቀሰኝ። ዘጠኝ ወረቀት። በየዓመቱ ንብረት ሲቆጠር ቆጣሪዎቻችሁ መደርደሪያ ላይ ወጥተው «መኖሩ ተረጋግጧል» የሚል ወረቀት ከዓመቱ ጋር በአሮጌው ላይ ይለጥፋሉ። መኖሩን ነው የቆጠሩት፤ በሕይወት መኖሩን ማንም አልጠየቀም። በመስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ የቆጠራውን ዓመት የዕቃው ዓመት አድርጎ ያነባል። ዘጠኝ ክረምትና ዘጠኝ በጋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀቀለ ባትሪ በየዓመቱ እየተወለደ ነው የኖረው። ከዘጠኙ ወረቀት ሥር የፋብሪካው ጽሑፍ ነበር፤ ልጄ አነበበችልኝ። የተሠራበትን ዓመት ይላል፣ ከዚያም በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተገጠመ አትግጠሙት ይላል። የፋብሪካው ሰዎች የጻፉት እንዲነበብ ነበር። እናንተ የለጠፋችሁበት ሙጫ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከመጋዘናችሁ ውስጥ ያላረጀው እሱ ብቻ ነው።

ማስረጃ እንዳይጎድል ብለን ከጎሚስታው ጋር ሄደን ሌላ አራት ካርቶን ገዛን። ጎሚስታው ካርቶን ሳይከፈት ሴንሰር የሚጠራበት መፈተሻ አለው። ጥበቃችሁ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ስላለው ከበሩ ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ፣ እንደ ክፍል አለቃ ስም መጥራት ጀመረ። አንደኛውን ጠራው፤ ዝም። ሁለተኛውን፤ ዝም። ሦስተኛው በደከመ ድምፅ አቤት አለ። አራተኛው ዝም። ጎሚስታው ባርኔጣውን አውልቆ «ጋሼ፣ ሦስቱን ነፍስ ይማር» አለ። ካርቶኖቹን ላስቲካቸው ሳይነካ መልሰን ለመስኮት ቁጥር ሦስት ብንሰጥ ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ላስቲኩ እኮ አልተከፈተም። ሳትከፍቱት መሞቱን በምን አወቃችሁ?» ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከተከፈተ የማይመለስ፣ ካልተከፈተ የማይታመን ዕቃ በዚህ ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እሱም ሬሣ ሣጥን ነው።

ይህን ያህል ከተናገርኩ ዘንዳ ቁጣዬን ወደ ሌላ ሰው ማዞር አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ፈጣሪ ፊት የሚቆም ሰው የጎረቤቱን ክስ ብቻ ይዞ አይቆምም። ስለዚህ አምስተኛው አቤቱታ በእኔ ላይ ነው።

አምስተኛ፦ መብራቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሴንሰር ከሞተ በኋላ መብራቱን ባዩ ቁጥር ከፊት የሚቀመጡት አስተማሪ «ይኼ ነገር ምንድነው? ልንቃጠል ነው እንዴ?» እያሉ ይሳቀቁ ነበር። እኔም አንድ ጠዋት ከልጄ ሳልማከር ከጥቁር ናስትሮ የጥፍር ያህል ቆርጬ ለጠፍኩበት። በየጠዋቱ በእጄ ስለምለካ ምን ይመጣል ብዬ ነበር። ልጄ ስታየው «አባዬ፣ ይኼ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። «ውሸታም መብራት ነው፣ ዝም ይበል» አልኳት። እናንተ እውነቱን በወረቀት ሸፈናችሁ፣ እኔ ውሸቱን በናስትሮ ሸፈንኩ፣ ሁለታችን ተባብረን፣ እውነተኛው አደጋ በመጣ ቀን ማስጠንቀቂያው የሚያልፍበት ቀዳዳ አላስቀረንም። እርስዎ ዘጠኝ ለጥፈዋል፣ እኔ አንድ። ቁጥሩ ግን ለአስተማሪዋ ትከሻ ምኑም አይደለም።

ታዲያ መርማሪው ሲደርስ መብራቱ ተሸፍኖ አላገኘውም። ለምን እንዳላገኘው ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የልጄን ጃኬት ውኃ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ኪሱን ስፈትሽ ተጨማዶ የተጣበቀ ጥቁር ነገር ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ናስትሮው ነበር። ሰው ሁሉ አስተማሪዋን ሲያነሣ እሷ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ልጣ ኪሷ ከታዋለች። ይዤው ገብቼ ከፊቷ አስቀመጥኩት። «አባዬ፣ አንተ በዚህ ዕድሜህ ቢሮ ለቢሮ ልትጎተት ነው? እኔ ወጣት ነኝ፣ ፈቃድ መልሼ አወጣለሁ። ተወው» አለች። እኔም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ለዐሥራ ሁለት ቀን ተውኩት። ጠዋት ጠዋት በጸሎት ቆሜ «ልጄን አድንልኝ» እያልኩ፣ መዳኛዋን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ኖርኩ። ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ጸሎቴ ከአፌ አልወጣም አለ፤ ቁልፉን አውጥቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ልጄ ይህን የምታነበው ከእርስዎ ጋር በአንድ ቀን ነው። ትቆጣኛለች። ትቆጣ።

የምለምንዎ እንግዲህ ትንሽ ነው። ካሣ አልጠየቅሁም፣ ሴንሰሩንም መልሱልኝ አላልኩም። ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በፊት ለመርማሪው አንድ መስመር ይጻፉለት፦ ዕቃው ከተሠራ ስንት ዓመቱ እንደሆነ። ዓመቱን ብቻ። ስለ እኔም ስለ ልጄም ምንም ባይሉ ግድ የለኝም። በመደርደሪያው ላይ የቀሩትንም ካርቶኖች ውኃ አርሰው ይላጧቸው፤ እዚያ ላይ የተደረደሩት ለስንት ሰው ኩርባ እንደሆኑ አላውቅም፣ እርስዎ ግን በየዓመቱ ስለሚያስቆጥሩ ቁጥራቸውን በደንብ ያውቁታል።

እርስዎ ጻፉም አልጻፉም እኔ ሐሙስ በሦስት ሰዓት እዚያ ነኝ። ናስትሮውን በእጄ ይዤ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ «መብራቱን የሸፈነው አባቷ ነው፣ ጎማውንም ሳይለካ የቀረው አባቷ ነው» እላለሁ። የሚገባኝን ቅጣት ይስጡኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ የእኔ ፈቃድ ቢነጠቅ የሚጎድል ሰው የለም፤ የእሷ ግን ስድስት ሰው ይጠብቀዋል። የጥፋቱን ግማሽ ተሸክሜ እቀርባለሁ። ሌላው ግማሽ የማን እንደሆነ ግን መርማሪው ሲጠይቀኝ ጣቴን የምቀስርበት ወንበር ባዶ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር። የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ አስተማሪዋ ግን በተሰበረ ትከሻቸው እወጣዋለሁ ብለዋል።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለሙጫዎ ጥራትና በመስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ቆሜ ላሳለፍኳቸው የማይረሱ ጠዋቶች ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ይጽናልዎ፤ ብዕርዎም ለእውነት በፈረመ ጊዜ ቀለሙ እንዳይደርቅ እጸልያለሁ።

በማያረጅ አክብሮት፣
ደንበኛዎ፣ የአንዲት ልጅ አባት

በተጨማሪ፦ ጎሚስታው የደንበኛ ገበና የሚያወራ ሰው አይደለም፤ እኔ ግን ባለፈው ሰኞ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ስለነበር በዓይኔ ያየሁት ነው። የድርጅትዎ ሾፌር የእርስዎን የቤት መኪና አምጥቶ አራቱንም ጎማ አስፈታና አዲስ ሴንሰር አስገጠመ። ካርቶኖቹ ከገበያ የተገዙ ነበሩ፣ አንድም የቆጠራ ወረቀት አልተለጠፈባቸውም፤ መፈተሻው ሲጠራቸው አራቱም ተንጫጭተው መለሱ። ጎሚስታው «ሰውዬ፣ መጋዘን ሙሉ እያላችሁ ለምን ከገበያ?» ቢለው ሾፌርዎ እንደ ደነገጠ ሰው ቀና ብሎ «ምን ነካህ? በዚህ መኪና እኮ ልጆቻቸውን ነው ትምህርት ቤት የማደርሰው!» አለ። ልጆችዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ሽሙጥ የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው።